47 ኤክስኤክስዋይ ነህ ተባልኩ፤ የትኛው ሐኪም ጋ ልሂድ?

የሐዋሳው፦

ሰላም ቤተሰብ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። 33 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳር ነኝ፤ ልጅ የለንም። እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ ስትመረመር የከረመችው ባለቤቴ ናት። ማህፀኗ ታየ፣ ቱቦዋ ታየ፣ ሆርሞኗ ታየ፤ ሁሉም ደህና ነው። "አንተስ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። በኋላ ላይ አንዲት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናት "ባልሽም ይታይ እንጂ" ያለቻት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሰጠሁ፤ አንድም ስፐርም የለም ተባለ። ተደገመ፤ ያው ነው። ከዚያ ደም ተወሰደና ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የሚባሉት ሆርሞኖች በጣም ከፍ ብለው፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በመጨረሻ ካርዮታይፕ የሚሉት የክሮሞዞም ምርመራ ናሙናዬ ተልኮ "47፣ ኤክስኤክስዋይ" የሚል ወረቀት መጣ። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ሲኖረው እኔ ግን አንድ ተጨማሪ ኤክስ አለኝ ማለት ነው፤ ክላይንፌልተር ሲንድረም ነው አሉኝ።

ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶበት ነበርና ቸኩሏል። "ሆርሞንህ ዝቅ ስላለ ይህን መርፌ በየሦስት ሳምንቱ ትወጋለህ" ብሎ የቴስቶስትሮን ማዘዣ ጻፈልኝ። ስለ ልጅ ስጠይቀው "እሱን ነገር ተወው፤ ጉዲፈቻ አስቡበት" አለኝ። በቃ፣ ወጣሁ። መድኃኒቱን እስካሁን አልገዛሁም።

አሁን የሰው ምክር ሊያሳብደኝ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ጋ ሂድ ይላል። ሌላው የለም፣ የሆርሞን ሐኪም ነው ይላል። የክሮሞዞም ነገር ስለሆነ የጄኔቲክስ ሐኪም ካልሆነ ማንም አይገባውም ያለኝም አለ። ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ "እኔ የምቀባው የቴስቶስትሮን ጄል አለ፤ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፤ ምን ሐኪም ቤት ያንከራትትሃል" ይለኛል። ህንድ ሂዱ የሚሉንም አሉ፤ ብሩን ከየት እንደምናመጣው ግን አይነግሩንም።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ያለበት ሰው መጀመሪያ ማንን ነው የሚያየው? ሐኪሙ ነገሩን ያውቀው አያውቀው እንደሆነስ በምን ይለያል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦

ሰላም ወንድሜ። እኔም ኤክስኤክስዋይ ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፤ መጀመሪያ ግን ያቺን ማዘዣ ባለችበት አቆያት። መርፌው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እኔ ራሴ ስወስድ ዓመታት አልፈውኛል፤ ጉልበቴንም ስሜቴንም መልሶልኛል፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥለኝ የነበረውም ቀርቷል። ነገር ግን ልጅ የምትፈልግ ከሆነ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው ዋናው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል ሰውነት በቂ እንዳለው ይቆጥርና ኤፍኤስኤችንና ኤልኤችን ይቀንሳል። ስፐርም እንዲመረት የሚያዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። በዘር ፍሬህ ውስጥ የቀረች ጥቂት ምርት ካለች እሷም ልትቆም ትችላለች። ከጀመርክ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር አብዛኛው የዘርፉ ሐኪም መጀመሪያ መርፌውን አቁመህ ወራት እንድትጠብቅ ነው የሚያደርግህ።

ያ ሐኪም ያልነገረህን ደግሞ ልንገርህ። ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ጠፋ ማለት ፍሬው ውስጥም የለም ማለት አይደለም። ማይክሮ ቴሴ የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ፍሬው ውስጥ ስፐርም የሚያመርቱ ጥቃቅን ቦታዎችን ይፈልጋል። እኛ ዓይነት ሰዎች ላይ፣ ልምድ ባለው እጅ ከተሠራ፣ ከ100 ሰው ከ40 እስከ 50 ገደማ በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ከተገኘ አንዷን ስፐርም በቀጭን መርፌ የሚስትህ እንቁላል ውስጥ ያስገቧታል። ያ ነው ኢክሲ የሚሉት። በዚህ መንገድ የተወለዱት ልጆች አብዛኞቹ ክሮሞዞማቸው እንደማንኛውም ሰው ነው። ግን ግማሽ የሚሆነው ሰው ላይ ምንም እንደማይገኝ ከአሁኑ እወቀው። ገንዘቡን ሁሉ እዚያ ላይ አፍስሳችሁ በኋላ እንዳትሰበሩ።

ስለዚህ በኔ ግምት መጀመሪያ የምታየው የወንድ መካንነት የሚያክም ዩሮሎጂስት ነው። "የወንድ መካንነት የሚያክም" ያልኩትን ልብ በል። ብዙው ዩሮሎጂስት ቀኑን ሙሉ የሚያየው የኩላሊት ጠጠርና ፕሮስቴት ነው፤ በዚያ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ አንተን ግን አይመለከትህም። ስልክ ደውለህ "ማይክሮ ቴሴ ይሠራሉ? ኤክስኤክስዋይ ያለበት ሰው አክመው ያውቃሉ?" ብለህ ጠይቅ። ነውር የለውም። ካርድ አውጥተህ፣ ወረፋ ጠብቀህ፣ ከፍለህ ገብተህ "እኛ ይህን አንሠራም" ከምትባል በስልክ ብትሰማው ይሻላል።

የሆርሞን ሐኪሙ (ኢንዶክራይኖሎጂስት የሚሉት) ደግሞ ዕድሜ ልክህን አብሮህ የሚኖር ነው። እዚህ አሜሪካ ሐኪም ሞልቷል ብለህ አትቅና። መጀመሪያ የተላኩበት ኢንዶክራይኖሎጂስት ስኳርና ታይሮይድ ብቻ ነበር የሚያየው፤ ስለ ክላይንፌልተር ስጠይቀው ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ። አሁን የማየው ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ልጅ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሸሚዜን አስወልቆ ጡቴን ዳሰሰ፣ የዘር ፍሬዬን ለካ፣ እግሬ ላይ የደም ሥር አብጦ እንደሆነ አየ፣ የአጥንት ጥግግት ምርመራ አዘዘ። ሳይነካህ፣ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ መድኃኒት የሚጽፍልህ ሐኪም ይሄ በሽታ ምን እንደሚያስከትል አልገባውም ብለህ ውሰደው። እዚህ አገር አክሲስ የሚባል የኤክስና ዋይ ክሮሞዞም ልዩነት ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦች ድርጅት አለ፤ በዚህ ላይ የሚሠሩ ክሊኒኮችን ዝርዝር ያወጣል። አሜሪካ ያለ የኛ ሰው ይሄን ካነበበ ከዚያ ይጀምር።

የአክስትህን ልጅ ጄል በተመለከተ፦ አይሆንም! እዚህ አገር ቴስቶስትሮን በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ለራስህ የታዘዘልህን ለሌላ ሰው መስጠት ወንጀል ነው። ዘመድህን ጣጣ ውስጥ አታስገባው። ደግሞ የሱ መጠን ላንተ አይደለም። ጄል ከቆዳ ወደ ቆዳ ይጋባል፤ ተቀብተህ ሳይደርቅና ሳትሸፍነው ሚስትህን ብታቅፍ ወይም ሕፃን ብትይዝ ወደነሱ ያልፋል። ይሄን ያስረዳህ እንኳ የለም።

ጂም ወዳጁ፦

ሰዎች አታካብዱት። ቴስቶስትሮን እኮ ጂም ቤት ያለው ሁሉ ነው የሚወስደው። ጡንቻ ይሠራል፣ ወኔ ይሰጣል። ውሰድና ኑር፣ ምን ዩሮሎጂስት ዩሮሎጂስት ትላላችሁ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

ጂም ወዳጁ፣ ጂም ቤት ያለው ሁሉ ይወስዳል ባልከው ልጀምር። ጤነኛ ሆነው ለጡንቻ ብለው ሲወስዱ ከርመው ስፐርማቸው ዜሮ ሆኖ ወደኛ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ልጁ እየጠየቀ ያለው ስለ መውለድ ነው፣ አንተ ስለ ጡንቻ ትነግረዋለህ።

ወደ ጠያቂያችን። አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ፤ ገና ኢንዶክራይኖሎጂስት አልሆንኩም፤ ግን የማውቀውን ላካፍልህ። ከላይ የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ስለ ቅደም ተከተሉ ያለውን ሙሉ በሙሉ እስማማበታለሁ። እኔ የምጨምረው የትኛው ሐኪም ለምን እንደሚያስፈልግ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ አንድ "ትክክለኛ ሐኪም" ያለ ይመስለዋል። ያንተ ጉዳይ ከአንድ ሐኪም በላይ ነው። ስለዚህ የምትፈልገው እነሱን አስተባብሮ የሚይዝልህን አንድ ሰው ነው፤ በኔ እምነት ያ ሰው ኢንዶክራይኖሎጂስቱ ነው። እኛ አገር ኢንዶክራይኖሎጂስት ለመሆን መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት መሆን ያስፈልጋል፤ ከዚያ ነው ሰብ ስፔሻሊቲው የሚመጣው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ናቸው። ጥቁር አንበሳ የኢንዶክራይን ክሊኒክ አለ። ሐዋሳ ካለህበት የመንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ካጻፍክ ወጪው በጣም ይቀንሳል፤ ቀጠሮው ግን ሊርቅ ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትል ጀምረው።

ለመውለዱ ነገር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። በ2011 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ነበር። የግል ማዕከላትም አሉ። ለሁሉም የምትጠይቀው አንድ ነው፦ ከዘር ፍሬ ውስጥ ስፐርም በቀዶ ሕክምና የሚያወጣ ሐኪም አላችሁ? በማይክሮስኮፕ ነው ወይስ ያለ ማይክሮስኮፕ? ከተገኘስ አቀዝቅዛችሁ ለኋላ ታስቀምጡታላችሁ? ይህን ሳይመልሱ መጀመሪያ ክፍያ ክፈል የሚሉህ ካሉ ተዋቸው። ህንድም ቢሆን እዚያ ከመሄድህ በፊት ይህንኑ ጠይቅ። ደላላው ለሆስፒታሉ እንጂ ላንተ አይሠራም።

የጄኔቲክስ ሐኪም አገር ቤት በጣም ጥቂት ነው፤ እሱን ካላገኘሁ ብለህ አትቁም። የሱ ሥራ ውጤትህን ማንበብና ማስረዳት ነው። ለምሳሌ ወረቀትህ ላይ 47 ኤክስኤክስዋይ ብቻ ነው ያለው ወይስ 46 ኤክስዋይ የሚል ሌላ ቁጥርም አብሮት አለ? ሁለቱ አብረው ካሉ ሞዛይክ ይባላል፤ አንዳንዱ ሴልህ ብቻ ነው ተጨማሪ ኤክስ ያለው ማለት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስፐርም የማግኘት ዕድላቸው የተሻለ ነው። ሌላው የጄኔቲክስ ሐኪም የሚነግርህ ነገር ይህ ከአባት ከእናት የተወረሰ እንዳልሆነ ነው። እንቁላሉ ወይም ስፐርሙ ሲፈጠር ክሮሞዞሞች በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ወንድሞችህም በዚህ ምክንያት መመርመር አያስፈልጋቸውም። እናትህ "ምን በድዬ ነው" ብለው እንዳይጨነቁ ይህን ንገራቸው።

ብቻዬን ነኝ ብለህም አታስብ። ከ500 እስከ 1000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ዴንማርክ ውስጥ በተደረገ ጥናት በሕይወታቸው የሚያውቁት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌላው ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። ሐኪሙ ክላይንፌልተር ቦስተን ላይ ዘጠኝ ወንዶችን አይቶ የጻፈው በ1942 ነው፤ ተጨማሪው ኤክስ መሆኑ የታወቀው ግን በ1959 ኤዲንብራ ውስጥ ነው። ይህን የምልህ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነና የሕክምና መንገዱ የታወቀ መሆኑን እንድታውቅ ነው። "ያልተለመደ በሽታ ነው፤ ምንም አይደረግለትም" የሚልህ ሐኪም ካለ መጽሐፉን ከዘጋ ቆይቷል።

ጥሩ የሆርሞን ሐኪም ምን ያያል ላልከው፦ ከቴስቶስትሮኑ ሌላ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያዛል፣ ታይሮይድ ያያል፣ አጥንት ያያል። ክላይንፌልተር ያለበት ሰው ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ የእግር ደም መርጋት ከሌላው ወንድ በላይ ያሰጉታል። የጡት ካንሰርም በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ከሌላው ወንድ በላይ ስለሚታይ ጡትህ ላይ እብጠት ካየህ "ወንድ ነኝ" ብለህ አትተወው። መርፌው ሲጀመር ደግሞ ሄማቶክሪት የሚባለው የቀይ ደም መጠን በየጊዜው ይለካል፤ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀነሳል። መርፌ ጽፎልህ የደም ምርመራ ቀጠሮ ያልሰጠህ ሐኪም ጋ አትቆይ።

ወለተ ማርያም፦

ወንድሜ፣ ክሮሞዞምን የሠራው እግዚአብሔር ነው፤ ሐኪም አይቀይረውም። ሽንቁሩ ሚካኤል፣ እንጦጦ ማርያም፣ የትም ቢሆን ሄደህ ጸበል ተጠመቅ። እኛ ሰፈር 12 ዓመት ቆይታ የወለደች አለች። የባህል ሐኪምም አውቃለሁ፤ ሥር ቀምሞ ይሰጣል፤ በውስጥ መስመር ልላክልህ?

የሐዋሳው፦

እህቴ አመሰግናለሁ። ጸበሉን አልተውኩትም፤ እናቴም አትተወኝም። ሥሩን ግን ይቅርብኝ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

ጸበሉንም ጸሎቱንም ማንም አይከለክልህም፤ ሐኪም ሆኖ የሚሳለቅብህ ካለም ሌላ ሐኪም ፈልግ። ሥሩን ግን እኔም ይቅርብህ እላለሁ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ጠጥቶ ጉበቱ ተጎድቶ ዋርድ የተኛ ሰው ማየት ለኛ አዲስ አይደለም። "የስፐርም ማብዣ ቫይታሚን" እያሉ በቲክቶክ የሚሸጡትም ያው ናቸው። ያንተ ችግር የቫይታሚን እጥረት አይደለም።

እናት ከገርጂ፦

የኔ ልጅ፣ አንተን የሚመለከት ባይመስልም ልንገርህ፣ ሌላም እናት ታነበው ይሆናል። ልጄ ተርነር ናት። ያንተ አንድ ኤክስ በልጦ ነው፣ የሷ ደግሞ አንድ ኤክስ ጎድሎ ነው፤ ከ2000 እስከ 2500 ሴት ልጆች አንዷ ላይ ይመጣል አሉኝ። ከክፍሏ ሁሉ አጭር ነበረች። የትም ብወስዳት "ቤተሰባችሁ አጭር ነው፤ ጊዜዋ ሲደርስ ትረዝማለች" ይሉኛል። ጡት ሳታወጣ 13 ዓመት ሲሞላት ነው አንዲት ልጅ እግር የሕፃናት ሐኪም አንገቷን አይታ፣ ክንዷን ዘርግታ አይታ፣ "የክሮሞዞም ምርመራ ይሠራላት" ያለችው።

ከዚያ ወደ ሕፃናት የሆርሞን ሐኪም ላኩን። ሐኪሙ ስለ ቁመቷ እንዲያወራኝ ጓጉቼ ስገባ ገና ከመጀመሪያው "የልብ ኢኮ ተነሥታለች?" ሲል ጠየቀኝ። ተናደድኩ እኮ! ስለ ቁመት ስጠይቀው ስለ ልብ ያወራኛል። በኋላ ነው ያስረዳኝ፤ ተርነር ያለባቸው ልጆች ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጠቦ ወይም ቫልቩ ሦስት መሆን ሲገባው ሁለት ክፍል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይታወቅ ከቆየ አደገኛው እሱ ነው። ኩላሊቷንም በአልትራሳውንድ አሳየን፤ ጆሮዋን ወደ ጆሮ ሐኪም ላከ። እኔ እንግዲህ ሐኪም የምመዝነው በዚህ ነው፤ አንተ የመጣህበትን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቅከውን የሚፈልግ ከሆነ ያዘው። ስለ ማደጊያው ሆርሞን መርፌ ዋጋ አታንሱብኝ፤ ለኛ ቤት የሚቻል አይደለም። የኤስትሮጅኑን ግን ጀምራለች፤ እሱ ርካሽ ነው፤ ተመስገን።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር፣ 18 ሲሞላት ከሕፃናት ክፍል ወጥታ ወደ አዋቂ ሐኪም ትዛወራለች። እዚያ ማን እንደሚቀበላት ከአሁኑ እየጠየቅሁ ነው። ብዙ ልጆች እዚያ መሃል ላይ ነው የሚጠፉት፤ ክትትል ያቋርጣሉ።

ከኔታንያ፦

ሰላም፣ እኔ የባለቤትህ ወገን ነኝ። እስራኤል፣ ኔታንያ ነው ያለነው። ባለቤቴ ኤክስኤክስዋይ ነው። እዚህ ነገሩ ይቀላል፤ ዋሽቼ ከብዶናል አልልም። ኩፓት ሆሊም በሚባለው የጤና መድን ድርጅት ውስጥ ያለው የቤተሰብ ሐኪም ወረቀት ይጽፍልሃል፤ ወደ ኢንዶክራይኖሎጂስት፣ ወደ ጄኔቲክስ ምክር፣ ወደ መካንነት ክፍል ይልክሃል፤ በላቦራቶሪ የሚደረገውን ማዳቀል ደግሞ መንግሥት እስከ ሁለት ልጅ ድረስ ይሸፍናል። የከበደን ሌላ ነበር። ቤተሰብ። የባለቤቴ እናት ሐኪሙ ፊት ተቀምጠው እንኳ "እሷን ደግማችሁ እይዋት" ይሉ ነበር። በአማርኛ አስተርጓሚ የምትሠራው ልጅ ይህን ሳትተረጉመው ዝም አለች፤ ሐኪሟ ግን ከፊታቸው ገባት።

ልነግርህ የፈለግሁት፦ ሐኪም ስትመርጥ ባለቤትህን ይዘህ ሂድ፤ ሐኪሙ ከሷ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር እይ። አንተን ብቻ እያየ የሚያወራ፣ ወይም ባሏ እያለ እሷን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ሁለታችሁንም አይጠቅማችሁም። ኢክሲ ሲደረግ መርፌውን በየቀኑ የምትወጋው እኮ እሷ ናት። እንቁላሏ የሚወጣው ከሷ ነው። ዕድሜዋም መታየት አለበት፤ ያንተ ፍሬ ላይ ስፐርም ሲፈለግ የሷ እንቁላል ቁጥር ሳይታወቅ መቅረት የለበትም። ዕድሜዋ ስንት ነው?

ሌላም አለ። ባለቤቴ ውጤቱን ሲሰማ "ታዲያ እኔ ወንድ አይደለሁም ማለት ነው?" ብሎ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄን ለሐኪሙ አልነገረውም። አንድ ቀን የጄኔቲክስ ምክር የምትሰጠዋ ሴት ሳትጠየቅ "ዋይ ክሮሞዞም አለህ፤ ወንድ ነህ፤ ጥያቄው ስለ ሆርሞን ነው" አለችው፤ ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ያንን ሳትጠየቅ የሚናገር ሐኪም ካገኘህ አትልቀቀው።

የሐዋሳው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኔታንያ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ባለቤቴ 29 ናት። የጻፍሽውን አነበብኩላት፤ ስለ አማትሽ ያልሽው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች ለሁላችሁም ግልጽ ነው። እናት ከገርጂ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ያሳድግልዎ፤ ያልጠየቅከውን የሚፈልግ ያሉት ልቤ ውስጥ ገብቷል።

ወረቀቱን አየሁት፤ 47 ኤክስኤክስዋይ ብቻ ነው፤ 46 የሚል የለውም። የአክስቴን ልጅ ጄሉን ተወው ብዬዋለሁ፤ ትንሽ ተቀየመኝ፤ ያልፈዋል። አሁን የቀረኝ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሪፈር ላጽፍ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ? ቴስቶስትሮኑ ይደገም ከተባለስ ሲራብ ነው ወይስ ተበልቶ?

የአሌክሳንድሪያው፦

ሁሉንም የላቦራቶሪ ወረቀት ዋናውን ይዘህ ሂድ፤ በስልክህም ፎቶ አንሣው። የዘር ፈሳሽ ምርመራዎቹን ሁለቱንም፣ ሆርሞኖቹን፣ ካርዮታይፑን፣ ያቺንም ማዘዣ። ማዘዣዋን ለአዲሱ ሐኪም ስታሳየው ምን እንደሚል ስማ። "ጥሩ ነው፤ ጀምር" ካለህ ልጅ ስለመፈለግህ ሳይጠይቅ ነው ወይስ ጠይቆ? እዚያ ላይ ነው የምትለየው። "ቆይ፣ መጀመሪያ ዩሮሎጂስቱ ይይህ" ካለ ደግሞ ሰውህን አግኝተሃል። ሁለተኛ ሐሳብ ለመጠየቅም አትፈር። እዚህ ያለው ሐኪሜ ራሱ ማይክሮ ቴሴውን ሌላ ሰው እንዲያየው የነገረኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ቀዶ ሕክምናው ካልተሳካ፣ ወይም አንፈልገውም ካላችሁ፣ መርፌውን ግን አትተወው። አንዳንዱ ልጅ አልተገኘም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ያቆማል። አጥንቱ ይሳሳል፤ ይደክመዋል፤ ይከፋዋል። እሱ ለራስህ ነው።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

ለምርመራው፦ ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ይልና ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳትበላ ሂድ፤ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል። ያሠራኸው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው። ውሃ መጠጣት ትችላለህ። ከሐዋሳ ሌሊት ተነሥተህ በዚያው ቀን ደርሰህ ለማሠራት አትሞክር፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ያወርደዋል። ቀድመህ ገብተህ ዘመድ ቤት እደርና ጠዋት ተነሥተህ ሂድ። ሪፈሩን ስታጽፍ ወረቀቱ ላይ "ክላይንፌልተር ሲንድረም፣ መውለድ የሚፈልጉ፣ ቴስቶስትሮን ያልጀመሩ" የሚለው ተጽፎ ይውጣ። ካልተጻፈ ካርድ ክፍል ያለው ሰው "የሆርሞን ችግር" የሚለውን ብቻ አይቶ በሩቅ ቀጠሮ ያስቀምጥሃል።

የሐዋሳው፦

ያደርሰኛል። ማክሰኞ ላጽፈው ነው፤ የሚሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።